ቅዱስ ያሬድ፦ ወድቆ የተነሣው ማኅሌታይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ግንቦት 11 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የማኅሌታዩን የቅዱስ ያሬድን መታሰቢያ ታከብራለች። ቀኑ ሲደርስ እኛም ነጭ ልብሳችንን ለብሰን፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘን እንዘምራለን። ሆኖም ስለ ዜማው ጣዕም የምንናገረውን ያህል ስለ ሕይወቱ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ አንገኝም። ስለ ትሉና ስለ ዛፉ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ሰምተን ስላደግን ግን ነገሩን የምናውቀው መስሎን እናልፈዋለን። በዚህ ጽሑፍ የቅዱሱን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው በአጭሩ ለመተረክ አስበናል። ይህን የምናደርገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ በመካከላችን ሊታረም የሚገባው አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። እርሱን በመጨረሻ እናነሣዋለን።

ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ከተማ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተወለደ። አባቶቻችን ያቆዩልን ትውፊት የልደቱን ቀን ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ አባቱ አብድዩ፣ እናቱ ታውክልያ ይባሉ እንደ ነበርም ይነገራል። ዘመኑ አክሱም የታፈረችበት ዘመን ነበር። ንጉሡ ካሌብ በናግራን በግፍ ለተገደሉት ክርስቲያኖች ሊደርስ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዘመተው በዚሁ ዘመን ነው። ተስዐቱ ቅዱሳን ከሩቅ አገር መጥተው ገዳማትን እየመሠረቱ፣ መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ እየመለሱ የወንጌልን ብርሃን ያሰፉበትም ወራት ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ያሬድ ያደገው ሊቃውንት በበዙበት፣ ትምህርት በከበረበት ከተማ ነው። ትምህርት በሚከበርበት ቦታ መማር ያልቻለ ልጅ ምን ያህል እንደሚያፍር ግን የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ። የእኅት የወንድም ልጅ ሰነፍ ሲሆን የመምህር ኀዘን እጥፍ ነው፤ ሰውም ይታዘባል። ያሬድ ግን የመዝሙረ ዳዊትን ትምህርት መያዝ አልሆነለትም። ዛሬ የተነገረውን ነገ ያጣዋል፤ እኩዮቹ አልፈውት ሲሄዱ እርሱ እዚያው ይቀራል። ባልንጀሮቹ ይሥቁበት ጀመር። አጎቱም በተግሣጽ ቢሉት ስላልሆነላቸው ገረፉት።

ሕመሙ ሲጸናበት ያሬድ አክሱምን ትቶ ወጣ። መንገድ ላይ ደክሞት ውኃ ካለበት፣ ማይ ኪራሕ በሚባለው ስፍራ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። በዚያም አንዲት ትንሽ ትል በዛፉ ግንድ ላይ ስትወጣ አየ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ትወድቃለች፤ እንደ ገና ትጀምራለች፤ እንደ ገና ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከላይ እንደ ደረሰችና ፍሬውን እንደ በላች ይተረካል። ልጁ አንድ ነገር ገባው። ትሏ ከመውደቋ በፊትም ከወደቀች በኋላም ያው ትል ናት፤ ኃይል አልተጨመረላትም፤ ክንፍ አላወጣችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ከወደቀችበት ስፍራ አለመቅረቷ ብቻ ነው። ለእርሱ የማያዝን ዛፍ፣ የማይናገር ትል፣ ከአጎቱ አለንጋ ይልቅ አስተማሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ብዙ ጊዜ ታሪኩን ስንተርክ ከዛፉ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው ዜማ እንዘላለን። በመካከሉ ግን አንድ ከባድ መንገድ አለ፤ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወደ አክሱም የተመለሰበት መንገድ። ያ ልጅ የሚመለሰው ወደ ሣቁበት ባልንጀሮቹ ነበር፤ ወደ ገረፉት መምህርም ነበር። እንግዳ ከተማ ሄዶ አዲስ ስም ይዞ መጀመር ይቀልለው ነበር። እርሱ ግን ተመልሶ በአጎቱ እግር ላይ ወደቀና ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደ ገናም ያስተምሩት ዘንድ ለመነ። አባ ጌዴዎንም ተቀበሉት፤ የቀደመውን አላነሡበትም። ሃይማኖት ማለት ከወደቁ በኋላ መነሣት ነው ብንል እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነሣውን የሚቀበል ፍቅር ባይኖር ያሬድ ዳግመኛ መንገድ ላይ በቀረ ነበር። መነሣቱ የልጁ ነው፤ በሩን ከፍተው መቆየታቸው የአጎቱ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ፍጹም አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ያሬድ በዕንባ እየጸለየ በትጋት ተማረ፤ እግዚአብሔርም አእምሮውን ብሩህ አደረገለት። ዳዊትን፣ የብሉይንና የሐዲስን መጻሕፍት በአጭር ጊዜ ፈጸመ፤ ዲቁናም ተቀበለ። በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎቱ በውርድ ንባብ ይደርስ ነበር እንጂ ከፍ ባለ ዜማ የመዘመር ሥርዓት አልነበረም ይላሉ አባቶች። ስንክሳሩ እንደሚተርከው እግዚአብሔር መታሰቢያውን ሊያቆም በወደደ ጊዜ ከገነት ሦስት አዕዋፍ ተላኩለት፤ በሰው አንደበትም አነጋገሩት። እርሱም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ወደ ቀደመ ሁኔታው በተመለሰም ጊዜ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታቦተ ጽዮን ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አመሰገነ። ይህም የመጀመሪያው ዜማው አርያም ተብሎ ይጠራል። ድምፁን የሰሙ ሁሉ፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ የከተማው ሕዝብም ወደ እርሱ ሮጡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ። በዚያ ሕዝብ መካከል ያሬድ ዳዊት መያዝ አቅቶት ሲያለቅስ ያዩት ሰዎች እንደሚገኙበት አንጠራጠርም።

ዜማውን በሦስት ከፈለው፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ግዕዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ዕዝሉ ጽኑዕና ተደራቢ ነው፤ አራራዩ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብን የሚያራራ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ከሰው ንግግር፣ ከወፍ ጩኸት፣ ከእንስሳም ድምፅ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚወጣ እንደሌለ ስንክሳሩ ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን ያበረከታቸውም መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ እነርሱም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው።

የቅዱስ ያሬድን ትልቅነት ለመረዳት ግን የዜማውን ጣዕም ብቻ ሳይሆን የሠራበትን አሠራር ማየት ይገባል። ያሬድ ዓመቱን ሙሉ ወስዶ ለእግዚአብሔር ሰጠው። መስከረም 1 ቀን በመጥምቁ በዮሐንስ ስም ይጀምራል፤ ዝናሙ ሲያባራ፣ ምድሪቱ በአደይ አበባ ስትሸፈን፣ ምስጋናውም ከአበባው ጋር ይፈካል። መስቀል ይከተላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምናስብበት ነው። ከዚያ አስተምሕሮ፣ ቀጥሎም የነቢያት ናፍቆት የሚሰማበት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፤ ከዚያም ታኅሣሥ 29 ልደት፣ ጥር 11 ጥምቀት። ከጾሙ በኋላ ትንሣኤ 50 ቀን በደስታ ይዘመራል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ክረምት ሲገባ ደግሞ ስለ ዘርና ስለ ደመና፣ ስለ ዝናምና ስለ ምድር መርካት ይነገራል። ገበሬው በማሳው የሚያስበውን ደብተራው በቅኔ ማኅሌት ያዜመዋል። ስለዚህ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ከሰው ኑሮ ርቆ በሰማይ የተንሳፈፈ አይደለም፤ ዘር ለዘራ፣ ልጅ ለወለደች፣ ወዳጅ ለቀበረ ሰው ሁሉ ጊዜውን ጠብቆ የሚደርስ ነው። መዋሥዕቱም ለሙታን ጸሎት የሚባል በመሆኑ ኀዘንተኛውን አልረሳውም።

በተለይ የዐቢይ ጾም እሑዶች ስም የተገኘው ከእርሱ ከጾመ ድጓው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ። እሑዶቹን በቅደም ተከተል ብንመለከታቸው የአንድ ሰው ከውድቀት መነሣት ይታይባቸዋል። ዘወረደ ጌታ ከሰማይ ወደ እኛ መውረዱን ያስታውሰናል፤ እኛ ከመውጣታችን በፊት እርሱ ወረደ። ቅድስት የሰንበትን ቅድስና፣ ምኩራብ የቤተ መቅደሱን መንጻት ይናገራሉ። መፃጉዕ 38 ዓመት ሙሉ በአልጋው ተኝቶ፣ ወደ ውኃው የሚጥለው ሰው ያጣውን በሽተኛ ያሳስበናል። ደብረ ዘይት ስለ ጌታ ዳግም መምጣት፣ ገብር ኄር መክሊቱን ስላተረፈው ታማኝ ባሪያ፣ ኒቆዲሞስ በሌሊት ሊማር ስለ መጣው መምህር ይነግሩናል፤ ሆሣዕናም በዘንባባው ይዘጋቸዋል። በልጅነቱ መማር አቅቶት የነበረው ሰው ለሊቅ በጨለማ መጥቶ የመጠየቅን ክብር ሰጠው፤ ሰው አጥቶ የተኛውንም በሽተኛ አንድ ሳምንት ሙሉ እንድናስበው አደረገ። ይህን ስናይ ያሬድ ከዚያ ዛፍ ሥር የተቀመጠበትን ቀን የረሳው አይመስለንም።

ይህ ሁሉ ዜማ ወደ እኛ የደረሰበት መንገድም ሊታሰብ ይገባዋል። ዛሬ ከድጓው ቃላት በላይ የምናያቸው ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት፣ ሥርዓት የያዙት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ትጋት ነው። ከያሬድ እስከ እነርሱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ዜማው የኖረው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ እየተላለፈ፣ የኋላ ሊቃውንትም ለየበዓላቱ እየጨመሩበት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ የተማረ ተማሪ ባይኖር፣ የሳተውን ሺህ ጊዜ የሚያቃና መምህር ባይኖር፣ ድጓ ዛሬ ስሙ ብቻ በቀረ ነበር። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓው፣ በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ቤት ሆነው የቆዩት በዚህ ትዕግሥት ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በስሙ መጠራቱ የሚያኮራን ነው፤ ትዕግሥቱን ካልወረስን ግን ኩራታችን ባዶ ነው።

አሁን ወደ ሕይወቱ ፍጻሜ እንመለስ። ከካሌብ በኋላ የነገሠው ልጁ ዐፄ ገብረ መስቀል ያሬድን እጅግ ይወደው ነበር። አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡም ልቡ በዜማው ተመስጦ ሲያዳምጥ፣ የያዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ደሙ ፈሰሰ። ዜማው እስኪፈጸም ድረስ የወጋውም አላወቀ፣ የተወጋውም አልተሰማው። ንጉሡ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ ስለ ፈሰሰው ደሙ የወደደውን ዋጋ እንዲጠይቀው ነገረው። ያሬድም እንዳይከለክለው አስቀድሞ ቃል አስገባው። ንጉሡ በማለ ጊዜ ወርቅም ሹመትም ርስትም አልጠየቀም፤ ወደ በረሓ ሄዶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነ።

ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ። መሐላውን እንዳያፈርስ ፈራ፤ አሰናበተውም። ገብረ መስቀል እንዲህ ያለ ስንብት ሲደርስበት የመጀመሪያው አልነበረም። አባቱ ካሌብም ዙፋኑን ትቶ፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መመነኑ በትውፊት ይነገራል። አባቱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ልጅ አሁን ወዳጁን ሰጠ። የሚወዱትን ሰው ከአጠገብ ማቆየት ፍቅር ነው፤ እግዚአብሔር ሲጠራው መልቀቅም ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው ግን የበለጠ ያስለቅሳል።

ያሬድ አክሱምን ከመልቀቁ በፊት በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና አደረሰ፤ በዚያም ጊዜ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ከፍ ማለቱን ስንክሳሩ ይመሰክራል። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጸለምት ሄደ። ብርድ በሚጠናበት፣ ገደሉ በሚያስፈራው በዚያ አገር በጾምና በጸሎት ሥጋውን እየደከመ፣ የመጡለትንም ደቀ መዛሙርት እያስተማረ ኖረ። ፍጻሜው ግንቦት 11 ቀን ሆነ። ስንክሳሩ በሰላም ማረፉን ይናገራል፤ ሌሎች አባቶች መሰወሩን ይተርካሉ።

በሕፃንነቱ ከአክሱም የወጣው ተሸንፎ ነበር፤ በሽምግልናው የወጣው ከከበረ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ስንፍናውን ሸሸ፤ በሁለተኛው ክብሩን ተወ። ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሲገናኙ በጣም ያስደንቁናል።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከላይ በመጨረሻ እናነሣዋለን ያልነው ጉዳይ ይህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ከመካከላችን የቀረ አንድ ወንድም አለን። ስሙን አንጽፍም፤ ሁላችን እናውቀዋለን። ከጉባኤ በፊት ወንበር የሚደረድረው፣ ከጉባኤ በኋላ ከበሮውን ወደ ዕቃ ቤት የሚመልሰው እርሱ ነበር። ውጤቱ እንዳልመጣለት ሰማን። አዘንን፤ በጸሎታችንም አነሣነው። ነገር ግን ልደት አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙም ገብቶ ወጣ፤ ከእኛ አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። አፍሮ ይሆናል፤ ሲረጋጋ ይመጣል ተባባልን። በመፃጉዕ እሑድ ሰው ስላጣው በሽተኛ ስንዘምር እንኳ የእኛው ወንድም ትዝ አላለንም። ወንበሩን ሌላ ሰው መደርደር ጀመረ።

ዩኒቨርሲቲ የገባነው ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ጥፋታችን ይብሳል። እርሱ ከእኛ ጋር ሲገናኝ ስለ ምን እንደምናወራ አስቡት፤ ስለ ክፍላችን፣ ስለ መምህሮቻችን፣ ስለ ምረቃችን ነው። ከእኛም መካከል በአንዳንድ ትምህርት ወድቀን ለማንም ሳንነግር ደግመን የወሰድን አለን። ያን ቀን ሰው ሳያየን መውደቃችን ጠቀመን እንጂ ከእርሱ አልተሻልንም። የያሬድ ባልንጀሮች ሣቁበት ብለን እንወቅሳቸዋለን፤ እኛ አልሣቅንም፤ ዝም ብለናል። ለቀረው ሰው ግን ዝምታውና ሣቁ ምን ያህል እንደሚለያዩ እንጃ።

በዛፉ ሥር ለተቀመጠ ልጅ ሁሉ ትል እንድትላክለት መጠበቅ የእኛ ድርሻ አይደለም። የእኛ ድርሻ የአባ ጌዴዎን ነው፦ በሩን መክፈት፣ የቀደመውን አለማንሣት፣ ከተቻለም መንገድ ድረስ ወጥቶ መቀበል። ንጉሡ ወዳጁን ያቆሰለው ሳያውቅ ነበር፤ ባወቀ ጊዜ ግን ጦሩን ለመንቀል አልዘገየም። እኛም ሳናውቅ አቁስለን ይሆናል፤ አሁን ግን አውቀናል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ለግንቦት 11 በዓል መዝሙር ከማጥናታችን በፊት፣ በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሆነን ወደዚያ ወንድማችን ቤት፣ እንዲሁም በልዩ ልዩ ምክንያት ወደ ቀሩት እኅቶችና ወንድሞች ቤት እንድንሄድ እናሳስባለን። ስለ ፈተናው አንጠይቀውም፤ ምክርም አንደረድርም። እናቱ ቡና ካፈሉ ጠጥተን፣ በዓሉ ሲደርስ ከበሮውን የሚይዝልን እንደምንፈልግ ነግረነው እንመለሳለን። ባይመጣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ገና እንሄዳለን፤ ስድስት ጊዜ ሄደን ባይሆንልን ሰባተኛው አለ።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።